ከናይሮቢ ያላመጣሁት ልምድ

በመሥሪያ ቤታችን ጎረቤት አገር ደርሶ የተመለሰ ሁሉ ሰንጠረዥ ይሞላል። ሰንጠረዡ ሦስት ዓምድ አለው። የመጀመሪያው «የታየ መልካም ልምድ» ይላል፤ ሁለተኛው «የሚወሰድ ትምህርት»፤ ሦስተኛው «ከአገራችን ተጨባጭ ሁኔታ ጋር ማጣጣሚያ»። እንጀራዬ ይኸው ነው። ኬንያ ምን ሠርታ ተለወጠች፣ ሩዋንዳ ከተማዋን እንዴት አጸዳች፣ ጅቡቲ በአንድ ወደብ እንዴት ትኖራለች ሲባል «እሷን ጠይቋት» የምባለው እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ የእነዚህን አገሮች የልማት ስልት ከኛው ጋር ሳነጻጽር ኖሬ፣ ዛሬ ያቺን ሦስተኛ ዓምድ ባየሁ ቁጥር ምነው እጄን በቆረጠው እላለሁ።

ለምን እንደምል ከሥሩ ልንገራችሁ።

ተወልጄ ያደግኩት እሪ በከንቱ ነው፤ ከፒያሳ አስፋልት ወረድ ብሎ፣ ጣራ ከጣራ ተነካክቶ ከተሠራበት። ቤታችን የቀበሌ ቤት ነበር። አንድ የጭቃ ቤት ለሁለት ተከፍሎ በአንዱ ወገን እናቴና እኔ፣ በሌላው ወገን እቴቴ እንኖርበት ነበር። እቴቴ ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው፣ እዚሁ አግብተው፣ እዚሁ ባላቸውን ቀብረው፣ በርበሬና ቅመም እየነገዱ አንድ ልጃቸውን ያሳደጉ ሙስሊም ሴት ነበሩ። ሰፈሩ በሙሉ እቴቴ ነው የሚላቸው። ልጃቸው የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። እናቴ ደግሞ የሥላሴ ሰው ናት። እሑድ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ሽቅብ ወደ ሥላሴ ስትወጣ እቴቴ «ለኔም ጨምረሽ ጸልዪ፣ እኔ ሱቅ አለብኝ» ይሏታል። እናቴም «ያንቺው ሼክ ይጸልዩልሽ፤ እኔ የራሴ ኃጢአት ይበቃኛል» ትላለች። በየሳምንቱ ያው ቀልድ፣ በየሳምንቱ ያው ሳቅ።

በመካከላቸው ያለው ግድግዳ በጭቃ ተመርጎ ጋዜጣ የተለጠፈበት ነው። አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ ከወዲያ ማዶ «ይማርሽ» ትላለች። የእቴቴ ባል የሞቱ ጊዜ፣ ለቅሶተኛው ተበትኖ ቤቱ ጭር ሲል፣ እናቴ እንዲህ አለቻቸው፦ «ጠዋት ስትነሺ ግድግዳውን ሁለቴ ምቺ። እኔም ሁለቴ እመልሳለሁ። ካልመታሽ ሞተሻል ብዬ በሩን ሰብሬ ነው የምገባው።»

«በሩ የቀበሌ ነው፤ ሰባሪው ይጠየቃል» አሉ እቴቴ። ከባላቸው ቀብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቁት ያን ዕለት ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላጎደሉም። ልጅ ሆኜ የምነቃው በዚያ ድምፅ ነበር። ዱብ ዱብ ይላል ከወዲያ፤ ዱብ ዱብ ትላለች እናቴ ከወዲህ። ቃልም ተገባብተዋል፦ ቀድማ የሞተችውን የቀረችው ከቤቷ ደጅ ትሸኛታለች። እቴቴ እስከ ደጅ ያሉት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በእነሱ ሥርዓት መቃብር የሚወርደው ወንድ ነውና። «ከደጅ ወዲያ እግዜር ያውቃል» ትላለች እናቴ።

ሥጋ አብረው አይበሉም፤ የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ እንደማይገናኝ ሁላችንም እናውቃለን። ለፋሲካ እናቴ ዶሮዋን፣ ለአረፋ እቴቴ በጋቸውን፣ ለየብቻ ነው። ጾም ሲገባ ግን በአንድ ትሪ ነው። ሽሮና ምስር ሃይማኖት የላቸውም። ስለዚህ ሁዳዴ ሲይዝ ከአገሩ ሕዝብ ሁሉ ደስ የሚላቸው እቴቴ ነበሩ። «ኤጭ፣ ደግሞ ፋሲካ ሊመጣብን ነው» ብለው ሲያማርሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በሮመዳን ደግሞ እናቴ ቀን ቀን ድስት አትጥድም ነበር። «ሽታው ግድግዳ ያልፋል፤ ነውር ነው» ትላለች።

እንግዲህ ከየአገሩ ስመለስ ሪፖርቴን ከአለቆቼ በፊት የሚሰሙት እነዚህ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ሻንጣዬን ሳልፈታ «እሺ፣ ምን ይላሉ እዚያ?» ይሉኛል። እኔም ቁና ቁና እየተነፈስኩ አስረዳለሁ። እኛ መንገዱንም ግድቡንም ፋብሪካውንም በመንግሥት እጅ እንደምንጀምር፣ ኬንያ ለነጋዴው ሜዳውን እንደለቀቀች፣ ሩዋንዳ በንጽሕናና በአገልግሎት እንግዳ እንደምትስብ፣ ጅቡቲ በወደቧ እንደምታድር። አንድ ቀን እቴቴ አዳምጠው አዳምጠው እንዲህ አሉ፦

«እንግዲህ ጅቡቲ በር ላይ ተቀምጣ አላፊውን ታስከፍላለች። ኬንያ ‹ሮጠህ ብላ፤ የወደቅክም ውደቅ› ትላለች። ሩዋንዳ ቤቷን ጠርጋ እንግዳ ትጠብቃለች። እኛ ጋ ደግሞ መንግሥት አቡክቶ፣ መንግሥት ጋግሮ፣ ‹ጠብቁ፣ ገና አልበሰለም› ይለናል።»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ግድግዳ ጆሮ አለው» አለች እናቴ።

«የዚህ ግድግዳ ጆሮ ያንቺ ነው፤ ማንን ልፍራ?»

በእውነት እላችኋለሁ፣ ስንት አዳራሽ ተቀምጬ ስንት ምሁር ሰምቼ፣ እንዲህ አሳጥሮ የነገረኝ የለም። እናቴ ግን አልረካችም። «ታዲያ የቱ ይሻላል?» አለችኝ።

«እንደየአገሩ ሁኔታ ነው፣ እማዬ።»

«ይህን ለማለት ነው በአውሮፕላን የሄድሽው?» አለችና ትሪውን አነሳች።

ወደ ናይሮቢ የሄድነው የተጎሳቆሉ ሰፈሮችን እንዴት እንደሚያድሱ ለማየት ነው። አምስት ሆነን ሄድን። የመጀመሪያዎቹ ቀናት በአዳራሽ አለቁ። እነሱ የግሉን ባለሀብት እንዴት እንዳሳተፉ ይነግሩናል፤ እኛ ደግሞ ሁሉን ነገር መንግሥት ሲይዘው እንዴት እንደሚፈጥን እንነግራቸዋለን። እነሱ በፍጥነታችን ይቀናሉ፤ እኛ በትዕግሥታቸው እናፌዛለን። ለሻይ ስንወጣ አንዱ ባልደረባችን «እነዚህ ሰዎች ስብሰባ እንጂ ቤት የሚሠሩ አይመስሉም» አለ፤ እኔም ሳቅኩ። 

ከመመለሳችን በፊት በነበረው ቀን ከቆርቆሮ ቤት ተነሥተው ፎቅ የገቡ ሰዎች ዘንድ ወሰዱን። በእናቴ ዕድሜ ያለች አንዲት ሴት ቤቷ አስገብታ ሻይ በወተት ሰጠችን። አብራን የነበረች ልጅ ከስዋሂሊ ትተረጉማለች። «ቤቱን በዕጣ ሊሰጡን ነበር» አለች ሴትየዋ። «እምቢ አልን። ከአንድ ቧንቧ ሲቀዱ የኖሩ ሰዎች በአንድ ደረጃ ይግቡ አልን። ለዚህ ሁለት ዓመት ተሰበሰብን፤ ተሰዳደብን፤ ተኳረፍን። በመጨረሻ ሆነልን።»

ከዚያ ተነሥታ መጥረጊያ አነሳችና በእጀታው ጣራውን ሁለቴ መታችው። ወዲያው ከላይ በእግር ሁለቴ ተረገጠ። «ጎረቤቴ ናት» አለች። «ድሮ ከጎኔ ነበረች፤ አሁን ከላዬ ሆናለች።»

ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን እማዬና እቴቴ ፊቴ ድቅን አሉብኝ። ሴትየዋን አቅፌ ልስማት ሁሉ ፈልጌ ነበር። ይህን ለእናቴ ስነግራት ምን ትል ይሆን እያልኩ ወደ ሆቴሉ ተመለስኩ።

ሆቴሉ ስደርስ ሰንጠረዡ ይጠብቀኛል፤ ከበረራው በፊት አልቆ መላክ አለበት። በመጀመሪያው ዓምድ «ነባር ጎረቤቶችን በአንድነት ማስፈር» ብዬ ጻፍኩ። በሁለተኛው «ማኅበራዊ ትስስርን ይጠብቃል» አልኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ብዕሬን ይዤ ትንሽ አሰብኩ። ሁለት ዓመት ስብሰባ ማን ይችላል? የኛ አለቆች ሁለት ሳምንትም አይጠብቁም። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሂደቱ ረጅም ጊዜ የሚወስድ በመሆኑ፣ በአገራችን በተለመደው ፍትሐዊ የዕጣ ሥርዓት ቢተካ።» ሻይዬ እንኳ ሳይበርድ ጨረስኩት።

ክፋት አልነበረብኝም። ዕጣ ማለት ለኛ ሰው እኮ ፍትሕ ነው። ዕቁባችን በዕጣ፣ ኮንዶሚኒየማችን በዕጣ። ዕጣ ዘመድ አያውቅም፣ ጉቦ አይበላም እንላለን። ማንም ያገሬ ሰው በኔ ቦታ ቢሆን ያንኑ ይጽፍ ነበር። አለቃዬም ሪፖርቱን አንብቦ ጣቱን እዚያች መስመር ላይ ጫነና «ይቺን ነው የምንፈልገው! ልምድ ማለት መገልበጥ ሳይሆን ማጣጣም ነው» አለኝ። ደስ አለኝ። እንዴት እንዳልደበቅኩት አላውቅም፤ ሲያመሰግነኝ ፊቴ በርቶ ነበር።

ለእናቴና ለእቴቴ የኬንያ ሻይ ቅጠል አመጣሁላቸው። ስለ አበባ ንግዳቸው፣ ገንዘብ በስልክ ስለመላላካቸው አወራሁ። ስለ ሴትየዋና ስለ መጥረጊያዋ ግን አልነገርኳቸውም። ሰንጠረዥ ውስጥ አጣጥሜ የቀበርኩት ነገር ከአፌም አብሮ ጠፋ መሰለኝ።

ዓመታት አለፉ፤ የፒያሳ ተራ ደረሰ። ሰፈራችን ሊነሳ ነው ተባለ።

ውሸት አልናገርም፤ ያን ቤት እንደ ገነት አላወራላችሁም። ክረምት በመጣ ቁጥር ጣራው ያፈሳል። ሽንት ቤቱ አንድ ለአሥራ ሁለት ቤተሰብ ነው። እናቴ በጉልበቷ ሕመም ውኃ ስትቀዳ አይቼ ስንቴ አልቅሻለሁ። ስለዚህ የመነሳቱ ወሬ ሲመጣ ሁለቱም አልከፋቸውም። እቴቴማ «ቧንቧ ከነሽንት ቤቱ ቤቴ ውስጥ! ሀጅ የሄድኩ ያህል ነው» አሉ። የቸገራቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የፎቁ ግድግዳ ብሎኬት ስለሆነ ሲመታ ይሰማል ወይ የሚለው።

«በጭልፋ እንመታዋለና» አለች እናቴ።

ጎን ለጎን እንደሚደርሳቸው አልተጠራጠሩም። ማን ይለያቸዋል?

የዕጣው ቀን ይዣቸው ሄድኩ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ተራቸው ሲደርስ እናቴ የእቴቴን እጅ ያዘችና «የኔ እጅ ዕቁብም ወጥቶለት አያውቅ፤ አንቺ አውጪልኝ» አለች። እቴቴም «ታዲያ አንቺ ለኔ አውጪልኝ፤ ለሰው ሲያወጡ ይቀናል» አሉ። አስተናጋጆቹ ሳቁና ፈቀዱላቸው። እቴቴ ለእናቴ አወጡ፤ የካ አባዶ ሆነ። እናቴ ለእቴቴ አወጣች፤ ገላን ሆነ። አንዱ የከተማው ጫፍ በሰሜን ምሥራቅ፣ አንዱ የከተማው ጫፍ በደቡብ።

እናቴ ወረቀቱን ይዛ ቀረች። ማንበብ ስለምትችል ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ እጇን አየችው። «ምነው እጄ» አለች።

በማግሥቱ ቢሮ ለቢሮ መዞር ጀመርኩ። የትም ይሁን የት፣ አባዶም ይሁን ገላን፣ ብቻ አንድ ላይ ይሁኑ ብዬ ለመንኩ። አንድ ትሑት ልጅ አስቀምጦ አነጋገረኝ። «እህቴ፣ ዕጣ ነው፤ ሰው አላደረገውም» አለኝ። ካልኩት ወዲያ ንቅንቅ አልልም ስል ጊዜ መሳቢያውን ከፍቶ መመሪያውን አወጣልኝ። «አይዞሽ፣ ዝም ብሎ የወጣ አይደለም። የጎረቤት አገሮች ልምድ ተቀምሮ ነው» አለና ጣቱን አንድ መስመር ላይ አደረገ። «ሂደቱ ረጅም ጊዜ የሚወስድ በመሆኑ፣ በአገራችን በተለመደው ፍትሐዊ የዕጣ ሥርዓት ቢተካ።» የመጨረሻዋን ቃል ብቻ «ተተክቷል» ብለው አስተካክለዋታል።

የኔ ናት ልለው አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ? አመስግኜው ወጣሁ። ቸርችልን ቁልቁል እስከ ታች በእግሬ ወረድኩ፤ ታክሲዎቹ ሲጮሁብኝ አይሰማኝም ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለካ ለኔ ኖሯል።

ለእናቴ «አልተቻለም» ብቻ አልኳት።

የእናቴን ዕቃ ጭነን አባዶ ገባን። እቴቴን ልጃቸው በከባድ መኪናው ገላን አደረሳቸው። ግድግዳው በሌለበት ዘዴ አላጡም፤ ሚስኮል ጀመሩ። ጠዋት እቴቴ አንዴ ያስጠሩና ይዘጋሉ፤ እናቴም አንዴ አስጠርታ ትዘጋለች። አያወሩም። ለማውራት አይደለማ።

በወር አንድ ቀን ፒያሳ ይገናኛሉ። እናቴን እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ እቴቴ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ይመጣሉ። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጡና በራችን የት ጋ ነበር በሚለው ይጨቃጨቃሉ። እናቴ የመብራት ምሰሶውን ታሳያለች፤ እቴቴ «አይደለም፣ ያ የሽንት ቤቱ ቦታ ነው፤ ሽንት ቤት ላይ ቁጭ ብለሽ ነው በራችን የምትዪው» ይላሉ። አንድ ሁዳዴ ውስጥ እናቴ ሽሮ በክዳን ሰሃን ቋጥራ መጣችና እዚያው ወንበር ላይ፣ በአንድ ሰሃን፣ አላፊ አግዳሚው እያያቸው በሉ። ሲያበቁ እቴቴ መብራቱን፣ አበባውን፣ ሰፊውን መንገድ ዞር ዞር ብለው አዩና «እውነቴን ነው፣ አምሮበታል» አሉኝ። «ይች ሩዋንዳሽ እንዲህ ነች?»

«እንዲህ ናት፣ እቴቴ።»

«ሰው የት ነው የሚኖርባት?» አሉ። 

ክረምት ገብቶ አንድ ጠዋት ሚስኮሉ ቀረ።

ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። የዚያን ቀን ስለ ምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ንጽጽር ገለጻ የማቀርበው እኔ ነበርኩ፤ ረፍዶብኛል። እናቴ ስልኳን ይዛ በሩ ላይ ቆማ «አልደወለችም» አለችኝ።

«ኔትወርክ ነው፣ እማዬ።»

«እኔም አስጠራሁ። አልመለሰችም።»

«ዝናብ ሲሆን እንዲህ ነው፤ ታውቂው የለ? ማታ እንሞክራለን።»

«እንሂድ» አለችኝ። «ዛሬ እንሂድ በሞቴ።»

በሞቴ ብላኝ እምቢ አልኳት። ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን አልኩና ጥያት ወጣሁ። ገለጻው ጥሩ ነበር፤ አጨበጨቡልኝ። ማታ ስመለስ እናቴ እራት አልበላችም። ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

በማግሥቱ ጠዋት የእቴቴ ልጅ ደወለልኝ። ከጅቡቲ መመለሱ ነው። በሩን ቢያንኳኳ፣ ቢጣራ መልስ አጣ። ሰብሮ ገባ። ሐኪሙ ትናንት ጠዋት ነው ያረፉት አለ። «እህቴ» አለኝ እያለቀሰ፣ «ስልኳ ላይ ያንቺ እናት ጥሪ ብቻ ነው ያለው። ዘጠኝ ጊዜ።» ቀብሩ ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሶላት እንደሆነ ነገረኝና ዘጋ።

ከአባዶ ገላን ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል፤ መንገዱ ተዘጋግቷል። እናቴ ታክሲው ውስጥ አላለቀሰችም። አንድ ጊዜ ብቻ ለሾፌሩ «ልጄ፣ ከደጅ ላይ ልደርስባት ነው፤ እባክህ» አለችው። ሾፌሩ ምን ያድርግ? መኪና ላይ መኪና ቆሟል።

ስንደርስ ድንኳኑ ተተክሏል፤ ወንዶቹ ከመቃብር ተመልሰው ጫማቸውን ከጭቃ ያራግፋሉ። እናቴ ሁሉንም አየቻቸው፤ ገባት። ደረጃውን በዚያ ጉልበቷ ሦስት ፎቅ ወጣች። ቤቱ ውስጥ የማናውቃቸው ሴቶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። እናቴ ቀጥ ብላ አልጋው ወዳለበት ሄደችና ግድግዳውን ሁለቴ መታችው። ቆመች። ደግማ ሁለቴ መታችው። አንዷ ሴት ግራ ገብቷት «እናቴ፣ ከወዲያ ያለው ቤት ሰው አልገባበትም» አለቻት።

እኔ እዚያው ለቅሶዬን ለቀቅኩት። ለእቴቴ ብቻ አይደለም ያለቀስኩት። በቀረው ሚስኮል፣ በቅዳሜው፣ በሻዩ፣ በዚያች መስመር ነው ያለቀስኩት።

ከዚያ ወዲህ እናቴ አንድ ነገር ያዘች። ትቀመጥና ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታየዋለች። «በገዛ እጄ ነው የሰደድኳት» ትላለች። «ለራሷ ብታወጣ ምናልባት አጠገቤ ነበረች።» የንስሐ አባቷ መጥተው ዕጣ የእግዜር ነው ብለው መከሯት። ራሷን ነቀነቀች እንጂ አልሰማቻቸውም። በዚያች እጇ እንጀራ መቁረስ ሁሉ ቀፈፋት። ሰው ባልሠራው ኃጢአት ሲከሳ እያየሁ ስንት ሳምንት ዝም አልኩ! ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም የለውም።

አንድ እሑድ ከሥላሴ ተመልሰን ሳለ አሁንም እጇን ስታይ አላስችል አለኝ። እግሯ ሥር ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ እጅሽ ምንም አላደረገም። በዕጣ ይሁን ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳት። ሻይ በወተት የሰጠችንን ሴት፣ በአንድ ደረጃ እንግባ ብለው ሁለት ዓመት መሟገታቸውን፣ መጥረጊያውን፣ ከላይ የተረገጠውን ጣራ፣ ሰንጠረዡን፣ በመመሪያው ያገኘሁትን የገዛ ቃሌን። ያን ጠዋት ኔትወርክ ነው ማለቴንም ደገምኩላት። እያለቀስኩ ስለነበር ግማሹን የሰማችኝ አልመሰለኝም።

ብትመታኝ ደስ ባለኝ። «አይዞሽ ልጄ» ብትለኝም እሞት ነበር። ሁለቱንም አላደረገችም። 

«ያቺ ሴትዮ» አለች፣ «ጎረቤቷ አሁንም ከላይዋ አለች?»

«እኔ ስሄድ ነበረች። አሁንም ትኖራለች።»

«ስትመታ ትመልስላታለች?»

«ትመልስላታለች፣ እማዬ።»

«ተመስገን» አለች። ቀኝ እጇን ከጭኗ አንሥታ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው። «እንኳንም እነሱ እምቢ አሉ።»